ግድግዳውን ሳታውቁ ቪቴ አትምረጡ

የእጅ ሙያ ትምህርት፦ በአርማታና በሌላ ግድግዳ ላይ ዕቃ ስለ ማሰር



የዛሬው ትምህርታችን ትንሽ ስለሚመስል ነገር ነው፤ ስለ ቪቴና ስለ ፊሸር። ጥቁር ሰሌዳ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የበር ማጠፊያ፣ የቧንቧ ማሰሪያ፣ የወፍጮ ሞተር እግር፣ እነዚህ ሁሉ ከግድግዳ ወይም ከወለል ጋር የሚያያዙት በእነርሱ ነው። ዕቃው በታሰረበት ቀን ጠንክሮ የቆመ ይመስላል። ጉድለቱ የሚታየው ቆይቶ፣ ሰው ሲደገፍበት ወይም ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ነው። ሰሌዳም ሆነ መደርደሪያ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሰዎች እየተጠቀሙበት ሳለ ነው። በትምህርት ቤት ደግሞ ከበታቹ የሚቀመጡት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ይህ ትምህርት የሙያም የጥንቃቄም ትምህርት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ልብ ልንለው የሚገባ ቁም ነገር አለ። ዕቃውን በመጨረሻ የሚሸከመው ግድግዳው ነው። ቪቴው ከጠንካራ ብረት ቢሠራም የተተከለበት ግድግዳ ልል ከሆነ ከነአፈሩ ተነቅሎ ይመጣል። ሱቅ ሄዶ «ትልቅ ቪቴ ስጠኝ» ከማለት በፊት «ግድግዳዬ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

1. በትምህርቱ የምንጠቀምባቸው ቃላት

ቪቴ፦ ጫፉ ሾጣጣ ሆኖ ዙሪያውን ጥርስ ያለው፣ በካቻቪቴ የሚጠብቅ ማሰሪያ ነው።

ብሎን፦ ወፍራም ሆኖ በዳዶና በሮንዴላ የሚታሰር ነው።

ፊሸር፦ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ቪቴው ሲገባበት የሚያብጥ የፕላስቲክ ቱቦ ነው።

ትራፓኖ፦ ቀዳዳ መብሻ መሣሪያ ነው። ፑንታ የሚባለው በትራፓኖው ጫፍ ላይ የሚገባው መብሻ ብረት ነው።

አርማታ፦ ከሲሚንቶ፣ ከአሸዋ፣ ከጠጠርና ከውሃ ተቦክቶ በውስጡ ፌሮ የገባበት ነው።

2. ፊሸር ከየት መጣ?

ቀድሞ ግንበኞች ግድግዳውን በመሮ ፈልፍለው የእንጨት ታኮ ይመቱበትና ቪቴውን በታኮው ላይ ያስሩ ነበር። ይህ አሠራር ግድግዳውን ይጎዳል፤ እንጨቱም ሲደርቅ ስለሚጨማደድ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ በለንደን በብሪትሽ ሙዚየም ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግድግዳው ሳይጎዳ እንዲገጠሙ ተፈለገ። ሥራውን የያዘው ጆን ጆሴፍ ሮውሊንግስ የሚባል ተቋራጭ ነበር። እርሱም ከጁት ቃጫ የተሠራ፣ በሙጫ የተያያዘ ትንሽ ቱቦ አዘጋጀ። ቱቦው በጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ቪቴው ሲገባበት ያብጥና ግድግዳውን ይይዛል። ዕቃው ሮውልፕላግ ተባለ።

እ.ኤ.አ. በ1958 አርቱር ፊሸር የተባለ ጀርመናዊ ያንኑ ሐሳብ ይዞ ከናይለን የተሠራ፣ ጎኑ የተሰነጠቀና ጥርስ ያለው ቱቦ ፈጠረ። በአገራችን ሱቆች ዕቃው «ፊሸር» የሚባለው በዚህ ሰው ስም ነው። አርቱር ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1919 ተወልዶ በ2016 ያረፈ ሲሆን የመንደር ልብስ ሰፊ ልጅ ነበር። በብረት ሥራ ሙያ ሠልጥኖ በሕይወት ዘመኑ ከ1,100 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል። ተማሪዎች፣ ይህን የምንነግራችሁ ትልቅ ነገር ከትንሽ ዕቃ ሊጀመር እንደሚችል እንድታዩ ነው።

3. ማሰሪያ እንዴት ይይዛል?

ማንኛውም ማሰሪያ ግድግዳ የሚይዘው ከሦስት መንገዶች በአንዱ ወይም በሁለቱ ነው።

ሀ. በፍትጊያ። ማሰሪያው በቀዳዳው ውስጥ አብጦ ግድግዳውን ወደ ጎን ይገፋል። በተገፋ መጠን እንዳይወጣ የሚያግደው ፍትጊያ ይበረታል። የፕላስቲክ ፊሸርና ኤክስፓንሽን ቦልት የሚባለው የብረት ማሰሪያ በዚህ መንገድ ይይዛሉ።

ለ. በመቆለፍ። ማሰሪያው በግድግዳው ውስጥ ጥርሱን ያስገባል፤ ወይም ከግድግዳው ጀርባ ይከፈትና እንደ መቀርቀሪያ ይሆናል። የኮንክሪት ቪቴ የሚባለው ያለ ፊሸር በቀጥታ አርማታውን በጥርሱ እየቆረጠ የሚገባ ነው። እርሱም በመቆለፍ ይይዛል።

ሐ. በማጣበቅ። በቀዳዳው ውስጥ ሁለት ነገሮች የተቀላቀሉበት ሙጫ ይሞላና የብረት ዘንግ ይተከልበታል። ሙጫው ሲደርቅ ብረቱን ከግድግዳው ጋር አንድ ያደርገዋል።

አርማታ ሲጫኑት እጅግ ብርቱ ነው፤ ሲጎትቱት ግን ደካማ ነው። የመጎተት ኃይሉ ከመጫን ኃይሉ አንድ አሥረኛውን ያህል ብቻ ነው። በጣም የተጎተተ የብረት ማሰሪያ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይወጣም፤ እንደ ተገለበጠ ቁና የሰፋ የአርማታ ቁራጭ ይዞ ይወጣል። የዚያ ቁራጭ የአፍ ስፋት የጥልቀቱን ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ከዚህ ሦስት ደንቦች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ጥልቀት ከውፍረት ይበልጣል። በአርማታ ውስጥ የብረት ማሰሪያው ጥልቀት እጥፍ ሲሆን የመያዝ ኃይሉ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ ወደ 2.8 እጥፍ ያድጋል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ማሰሪያዎች ተጠጋግተው ከተተከሉ አንዱ የሌላውን አርማታ ይሻማል። በመካከላቸው የጥልቀታቸው ሦስት እጥፍ ርቀት ይኑር።

ሦስተኛ፣ ከአርማታው ጠርዝ ቢያንስ የጥልቀቱን አንድ ተኩል እጥፍ ራቁ። በተለይ አብጦ የሚይዝ የብረት ማሰሪያ ጠርዝ ላይ ቢተከል ጠርዙን ይሰነጥቀዋል።

4. በአካባቢያችን ያሉ ግድግዳዎች

ፋው ከገዳሪፍ ወደ ወድ መደኒ በሚወስደው መንገድ ላይ የራሃድ እርሻ ባለበት ሜዳ ትገኛለች። ምድሩ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ በአገራችን ዋልካ ወይም መረሬ ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። በሱዳን ኸሪፍ በሚባለው የክረምት ወቅት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስከሚያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። በላዩ የቆመ ቤት መሠረቱ ጥልቅ ካልሆነ አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። በግድግዳ ጥግ፣ በበርና በመስኮት ራስ ላይ የምናያቸው ሰያፍ ስንጥቆች ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከዚህ ነው። ስንጥቅ ባለበት ስፍራ ፊሸር መትከል ከንቱ ድካም ነው። ስንጥቁ ሲሰፋ ፊሸሩን የሚጨብጠው ነገር ይጠፋል። ከስንጥቅ ርቃችሁ ትከሉ።

እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በድርቁ ዘመን በፋው በተከፈቱ ሰፈሮች የነበሩ ወገኖቻችን መጀመሪያ የተጠለሉት በድንኳን ነበር። በድንኳን ውስጥ ፊሸር የሚያሳስበው ሰው የለም። በስደት ሰፈር የሲሚንቶ ወለልና የግንብ ግድግዳ በብዛት የሚገኘው በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በውሃ መቅጃና በመጸዳጃ ቤት ነው። ቀሪው ጭቃና ሣር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ግድግዳ ሊገጥመው ይችላል። ለይቶ ማወቂያው እንደሚከተለው ነው።

በትንሽ ፑንታ አንድ መሞከሪያ ቀዳዳ ብሱና ዱቄቱን ተመልከቱ።

ዱቄቱ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ፑንታው በዝግታ ከገባ አርማታ ነው።

ዱቄቱ ቀይ ከሆነ ሸክላ ጡብ ነው። በቀላሉ ከገባና ዱቄቱ በጣት ሲታሽ ወደ አፈርነት ከተመለሰ ጡቡ በደንብ ያልተቃጠለ ነው።

ዱቄቱ ግራጫ ሆኖ ፑንታው ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ሜትር ከሄደ በኋላ ድንገት ወደ ውስጥ ከሰመጠ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው።

ዱቄቱ ቡናማ ወይም ጥቁር ሆኖ ከጭድ ጋር ከወጣ የጭቃ ግድግዳ ነው።

ፑንታው አልገባ ብሎ ድምፁ ከተለወጠና የሚያበራ ብረት ብናኝ ከወጣ ፌሮ ላይ ደርሳችኋል። ፌሮ የቤቱ አጥንት ስለሆነ አይቆረጥም። ቀዳዳውን ትታችሁ ሌላ ስፍራ ብሱ። አዲሱ ቀዳዳ ከተተወው ቀዳዳ ቢያንስ የጥልቀቱን እጥፍ ይራቅ፤ አሮጌውም በሲሚንቶ ይደፈን።

ልስን ግድግዳ አይደለም። ከላይ ያለው የአንድ ወይም የሁለት ሴንቲ ሜትር ልስን ምንም አይሸከምም። ፊሸሩ ልስኑን አልፎ በዋናው ግድግዳ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

5. ለየትኛው ግድግዳ የቱ ይስማማል?

ሀ. ለአርማታ። ቀላልና መካከለኛ ዕቃ ከሆነ የናይለን ፊሸር ይበቃል። ከበድ ላለ ዕቃ የኮንክሪት ቪቴ ወይም ኤክስፓንሽን ቦልት ይመረጣል። የኮንክሪት ቪቴ ስለማያብጥ ለጠርዝ ቅርብ በሆነ ስፍራ ከኤክስፓንሽን ቦልት ይሻላል። ሆኖም የቀዳዳው ስፋት በትክክል መሆን አለበት። ለምሳሌ 7.5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው የኮንክሪት ቪቴ የሚገባው በ6 ሚ.ሜ. ቀዳዳ ነው። ቀዳዳው ከሰፋ ጥርሱ አይነክስም፤ ከጠበበ ቪቴው መንገድ ላይ ይቆማል ወይም ይሰበራል። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ በዚያው ቀዳዳ ደጋግሞ ማስገባት የቆረጠውን ጥርስ ይበላዋል።

ለ. ለሸክላ ጡብ። ረዘም ያለ የናይለን ፊሸር ይስማማል። ፊሸሩ በጡቡ መካከል ይቀመጥ፤ በጡቦች መካከል ባለው ቡኬት ላይ አይሁን። ኤክስፓንሽን ቦልት በጡብ ላይ አይተከል፤ ሲጠብቅ ጡቡን ይፈነቅላል።

ሐ. ለብሎኬት። ተራ ፊሸር በክፍቱ ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከጀርባ የሚከፈት ማሰሪያ ካልተገኘ የሚሻለው ብሎኬቱን በስተጀርባ አሳልፎ መብሳትና በረጅም ብሎን፣ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ከሁለቱም ወገን ማሰር ነው።

መ. ለጭቃ ግድግዳ። ፊሸር አይሠራም። ጭቃ ሲገፋ ይሸሻል እንጂ አይገፋም። ዕቃው ከምሰሶው ወይም ከማገሩ ጋር ይታሰር፤ ወይም ከወለል እግር ይውጣለት። ከባድ ሰሌዳ ከጭቃ ግድግዳ ላይ ከመስቀል በሦስት እግር አቁሞ መጠቀም የተሻለ ነው።

ሠ. ገና ላልፈሰሰ አርማታ። የወፍጮ፣ የጄኔሬተር ወይም የእጅ ውሃ ፓምፕ መቀመጫ ሊሠራ ከታሰበ ከሁሉ ርካሹና ጠንካራው መንገድ ታችኛው ጫፉ የታጠፈ ብሎን አርማታው ሲፈስ አብሮ መቅበር ነው። የብሎኖቹ ቦታ እንዳይዛነፍ በጣውላ ላይ የማሽኑን እግር ቀዳዳ ልክ ብሱና ብሎኖቹን በጣውላው ያዙ። አርማታው ቢያንስ ለሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውሃ ይጠጣ። በፋው ሙቀት ይህ ከተዘነጋ አርማታው ሳይጠነክር ይደርቃል። ሙሉ ኃይሉ የሚለካው በ28ኛው ቀን ስለሆነ ማሽኑን ለማስነሣት አትቸኩሉ።

6. የመጠን ሠንጠረዥ

ለተለመደው የናይለን ፊሸር የሚከተለው ልክ ይሠራል።

ፊሸር ቁጥር 6፦ ፑንታ 6 ሚ.ሜ.፣ የፊሸሩ ርዝመት 30 ሚ.ሜ.፣ የቪቴ ውፍረት ከ4 እስከ 5 ሚ.ሜ.፣ የቀዳዳ ጥልቀት 40 ሚ.ሜ.

ፊሸር ቁጥር 8፦ ፑንታ 8 ሚ.ሜ.፣ የፊሸሩ ርዝመት 40 ሚ.ሜ.፣ የቪቴ ውፍረት ከ4.5 እስከ 6 ሚ.ሜ.፣ የቀዳዳ ጥልቀት 55 ሚ.ሜ.

ፊሸር ቁጥር 10፦ ፑንታ 10 ሚ.ሜ.፣ የፊሸሩ ርዝመት 50 ሚ.ሜ.፣ የቪቴ ውፍረት ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ.፣ የቀዳዳ ጥልቀት 70 ሚ.ሜ.

ቪቴው ከቀጠነ ፊሸሩ አያብጥም፤ ከወፈረ ደግሞ ፊሸሩ ይጠማዘዛል ወይም ግድግዳው ይሰነጠቃል። የቪቴው ርዝመት የሚገኘው በዚህ ድምር ነው፦

የፊሸሩ ርዝመት + የልስኑ ውፍረት + የሚታሰረው ዕቃ ውፍረት + የቪቴው ውፍረት።

የመጨረሻው የሚጨመረው የቪቴው ጫፍ ከፊሸሩ ጀርባ ጥቂት እንዲወጣ ነው። ጫፉ ካልወጣ የፊሸሩ ኋለኛ ክፍል በሚገባ አያብጥም።

7. ሥራው በቅደም ተከተል

አንድ። በውሃ ልክና በሜትር ቦታውን ምልክት አድርጉ። ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ በላይና በታች፣ ከቧንቧ አጠገብም አትብሱ፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ በግድግዳው ውስጥ ይሄዳልና።

ሁለት። ዓይናችሁን በመነጽር፣ አፍንጫችሁን በእርጥብ ጨርቅ ወይም በጭንብል ሸፍኑ። የአርማታ ዱቄት ሲሊካ የሚባል ደቃቅ ነገር አለበት፤ ለብዙ ዘመን ሲሳብ ሳንባ ይጎዳል።

ሦስት። የጥልቀቱን ልክ በፑንታው ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። ለአርማታ የመዶሻ ምት ባለው ትራፓኖ፣ ለጡብና ለብሎኬት ያለ ምት በመዞር ብቻ ብሱ። ትራፓኖውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ ከተወዛወዘ ቀዳዳው ይሰፋል።

መብራት በሌለበት ቀድሞ የሚሠራበት መንገድ ዛሬም ይሠራል። ቀጭን የድንጋይ መሮ በቀዳዳው ላይ ቀጥ አድርጎ ይዞ በመዶሻ መምታት፣ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ መሮውን ጥቂት ማዞር ነው። ሥራው ዝግ ያለ ነው፤ በትዕግሥት ከተሠራ ግን ቀዳዳው ጥሩ ይሆናል።

አራት። ቀዳዳውን አጽዱ። ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። በዱቄት የተሞላ ቀዳዳ ውስጥ ፊሸር ዱቄቱን ይጨብጣል እንጂ ግድግዳውን አይጨብጥም። በብስክሌት ጎማ መንፊያ ንፉ፣ በቀጭን ብሩሽ ጥረጉ፣ ደግማችሁ ንፉ። በአፍ አትንፉ፤ ዱቄቱ ወደ ዓይን ይመለሳል።

አምስት። ፊሸሩን በእጅ አስገቡ፤ በመጨረሻ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ምቱ። ያለ ችግር ወድቆ የሚገባ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቷል። በወረቀት ወይም በክብሪት እንጨት ጠቅጥቆ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው። ይልቁንም በአንድ ቁጥር ከፍ ያለ ፊሸር ይተካ።

ስድስት። ቪቴውን በካቻቪቴ በእጅ አጥብቁ። ራሱ ዕቃውን ነክቶ መዞሩ ሲከብድ አቁሙ። ከዚያ በላይ ማዞር የፊሸሩን ጥርስ ይቆርጣል፤ ቪቴውም ያለ ማቆም ይዞራል።

ሰባት። ሞክሩ። ሰው ከበታች ሳይኖር ዕቃው ከሚሸከመው ጥቂት የሚበልጥ የአሸዋ ከረጢት አንጠልጥላችሁ አሳድሩ። በማግሥቱ ከግድግዳው የራቀ ነገር ካለ ሥራው ይደገም።

ለመጸዳጃ ቤትና ለውሃ መቅጃ ተራ ቪቴ አይሆንም፤ ይዝጋል። ዝገት የማይዘው ብረት ወይም ወፍራም ዚንክ የተነከረ ቪቴ ይፈለግ። ፀሐይ የሚያገኘውም ተራ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ ይደርቅና ይሰባበራል፤ ናይለን ከእርሱ ይሻላል።

8. ኃይሉን እናስላ

አንድ የኮምፔንሳቶ ጣውላ 244 ሴ.ሜ. በ122 ሴ.ሜ. ሆኖ 12 ሚ.ሜ. ውፍረት ቢኖረው ወደ 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ሰሌዳ ሆኖ በግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይህ ክብደት ቪቴዎቹን ወደ ታች ይጫናል። ስድስት ቪቴ ቢኖረው ለእያንዳንዱ ከ4 ኪሎ በታች ይደርሳል፤ ይህ ቀላል ነው። ነገር ግን አንድ ተማሪ የሰሌዳውን ላይኛ ጠርዝ ይዞ ቢንጠለጠል ያ ሁሉ ክብደት በአንድ ወይም በሁለት ቪቴ ላይ ይወድቃል፤ ወደ ውጭም ይጎትታቸዋል። የምናስበው ለሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ለልጁም ነው።

መደርደሪያ ከሰሌዳ የከበደ ጥያቄ ነው፤ ከግድግዳ ወደ ፊት ይወጣልና። መደርደሪያው 30 ሴ.ሜ. ወደ ፊት ይውጣ፤ የደጋፊው ብረት ቁመት፣ ማለትም ከታችኛው ጫፉ እስከ ላይኛው ቪቴ፣ 20 ሴ.ሜ. ይሁን። 20 ኪሎ መጻሕፍት እኩል ተደርድረው ቢቀመጡ የክብደቱ መካከል ከግድግዳው 15 ሴ.ሜ. ላይ ነው። ስለዚህ፦

20 ኪሎ × 15 ሴ.ሜ. ÷ 20 ሴ.ሜ. = 15 ኪሎ።

ላይኛዎቹ ቪቴዎች በ15 ኪሎ ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታሉ ማለት ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ ጠርዝ ላይ ቢቀመጡ ግን፦

20 × 30 ÷ 20 = 30 ኪሎ ይሆናል።

ክብደቱ ሳይጨምር መጎተቱ እጥፍ ሆነ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። ከባዱን መጽሐፍ ወደ ግድግዳው አስጠጉ፤ የደጋፊውን ብረት ቁመት አርዝሙ። ጥሩውን ፊሸር ሁልጊዜ በላይኛው ቪቴ ላይ አድርጉ።

በፊሸሩ ካርቶን ላይ የሚፈቀደው ክብደት ተጽፎ ከሆነ ለየትኛው ግድግዳ እንደሆነ አንብቡ፤ ለአርማታ የተጻፈው ለልል ጡብ አይሠራም። የተጻፈ ነገር ከሌለ ብዙ ማሰሪያ አድርጉ፣ ሞክሩም።

9. ከሌላው ዓለም የተገኘ ትምህርት

ይህ የድሃ ሰፈር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 2006 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በመኪና መተላለፊያ ዋሻ ውስጥ የጣሪያ አርማታ ወድቆ በመኪና ታልፍ የነበረች ሴት ገደለ። ጣሪያው የተንጠለጠለው በሙጫ በተተከሉ ብረቶች ነበር። መርማሪዎች እንዳረጋገጡት የተመረጠው የሙጫ ዓይነት ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ሲጎተት ጥቂት በጥቂት የሚለጠጥ ነበር።

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2 ቀን 2012 ደግሞ በጃፓን በሳሳጎ ዋሻ ጣሪያ ወድቆ 9 ሰዎች ሞቱ። ዋሻው የተከፈተው በ1977 ሲሆን እዚያም ማሰሪያዎቹ በሙጫ የተተከሉ ነበሩ። በእጅ ቀርቦ፣ በመዶሻ አንኳኩቶ የመመርመር ሥራ ለብዙ ዓመታት ሳይደረግ ቀርቶ ነበር።

ከእነዚህ ሁለት አደጋዎች ሁለት ደንቦች እንውሰድ። ከሰው ራስ በላይ ሁልጊዜ የሚንጠለጠል ከባድ ነገር በተማሪ እጅ አይተከል፤ የባለሙያ ሥራ ነው። ደግሞም የታሰረ ነገር ሁሉ በየጊዜው ይመርመር።

10. ለወላጆችና ለትምህርት ቤት ኮሚቴ

ምርመራው ገንዘብ አያስወጣም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሊገባ ሲልና ክረምት ሲያበቃ፣ ሁለት ወላጆችና አንድ መምህር በየክፍሉ ይዙሩ። ሰሌዳውንና መደርደሪያውን በእጅ ገፋ ሳብ አድርገው ይዩ። ከግድግዳው የራቀ፣ የዛገ፣ ዱቄት የሚያፈስ ወይም አዲስ ስንጥቅ አጠገቡ የወጣ ማሰሪያ ካለ ዕቃው በዚያው ቀን ይውረድ። ሰሌዳ ለአንድ ሳምንት መሬት ላይ ተደግፎ ቢቆም ትምህርት አይቋረጥም። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ አስቀድሞ ማውረድ ከወደቀ በኋላ ከማንሣት ይሻላል።

ልጆቻችሁ ይህን ሙያ ሲለማመዱም አትከልክሏቸው፤ አጠገባቸው ቁሙ እንጂ። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ቤቱንና ዕቃውን ትቶ ይወጣል። በእጁ ያለው ሙያ ግን ፍተሻ አያስቀረውም፤ የትም ቢደርስ እንጀራ ይሆነዋል። ወደ አገር መመለስ ሲሆንም ቤት የሚሠሩ እጆች ያስፈልጋሉ።

መልመጃ

1. ግድግዳው 15 ሚ.ሜ. ልስን ያለው አርማታ ነው። 12 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው ሰሌዳ በፊሸር ቁጥር 8 እና በ5 ሚ.ሜ. ቪቴ ሊታሰር ነው። የቪቴው ርዝመትና ከልስኑ ፊት የሚለካው የቀዳዳ ጥልቀት ስንት ይሁን?

2. መደርደሪያው 40 ሴ.ሜ. ወደ ፊት ይወጣል፤ የደጋፊው ቁመት 25 ሴ.ሜ. ነው፤ 30 ኪሎ እኩል ተደርድሮበታል። ደጋፊዎቹ ሁለት ቢሆኑ የእያንዳንዱ ላይኛ ቪቴ በስንት ኪሎ ይጎተታል?

3. በአርማታ ውስጥ 5 ሴ.ሜ. የሚገባ የብረት ማሰሪያ ከሌላው ማሰሪያና ከጠርዝ ስንት ይራቅ?

4. ፑንታው ሦስት ሴ.ሜ. ከገባ በኋላ ድንገት ሰመጠ። ግድግዳው ምንድን ነው? ምን ታደርጋላችሁ?

5. በክፍላችሁ ውስጥ ከግድግዳ ጋር የታሰሩ ዕቃዎችን ሁሉ ቁጠሩ። የትኛው ግድግዳ፣ የትኛው ማሰሪያ እንደሆነ ጽፋችሁ ለመምህራችሁ አስረክቡ።

መልስ

1. 40 + 15 + 12 + 5 = 72 ሚ.ሜ.፤ ስለዚህ በሱቅ የሚገኘው 75 ሚ.ሜ. ቪቴ ይመረጣል። የቀዳዳው ጥልቀት 55 + 15 = 70 ሚ.ሜ. ነው።

2. 30 × 20 ÷ 25 = 24 ኪሎ። ለሁለት ሲከፈል 12 ኪሎ።

3. ከሌላው ማሰሪያ 15 ሴ.ሜ.፣ ከጠርዝ 7.5 ሴ.ሜ.

4. ብሎኬት ነው። ተራ ፊሸር አይተከልበትም፤ ከጀርባ የሚከፈት ማሰሪያ ወይም በስተጀርባ የሚያልፍ ብሎን ከሰፊ ሮንዴላ ጋር ይደረጋል።

5. የዚህ ጥያቄ መልስ በመጽሔት አይገኝም፤ ከየክፍላችሁ ግድግዳ ላይ ፈልጉት።